ዶልፊኖቹ የሚተኙበት ጥግ

ጃንዋሪ 28

ነፋስ የለም። ባሕሩ ጸጥ ያለ። ሁለት ዙር ወጣሁ። ዶልፊን ሰባት፣ ከመብራት ማማው በስተደቡብ፣ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ።

ይህን ደብተር የሰጠችን ያቺ ዶልፊን የምታጠና ፈረንጅ ናት። "በየቀኑ ስንት እንዳያችሁ፣ የት እንዳያችሁ ጻፉ" ብላ ለአሥራ አንድ የጀልባ መሪዎች አሥራ አንድ ደብተር አደለች። ሌሎቹ ለልጆቻቸው ሰጡት። እኔ ብቻ እጽፋለሁ። ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ማን ሊያነበው? ማንም። እንኳን ማንም አላነበበው… አሁን አሁን ከዶልፊኑ የራሴ ወሬ በዝቶበታል።

ዛሬም ዶልፊን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ገና ጀልባዬ ላይ ሳይወጡ "ፓንዱ አንተ ነህ?" አሉኝ። አይደለሁም፣ ማካሜ ነኝ። "እህ…" አሉ። ያቺ "እህ" ምሳዬን አላስበላ አለችኝ።

ፓንዱ ወንድሜ ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ስትሞት የእሱ እናት፣ እማ ታቱ፣ አንዱን ጡት ለእሱ ሌላውን ለእኔ ሰጥታ አሳደገችን። እወደዋለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው መጥቶ "ማካሜ አንተ ነህ?" ቢለኝ ምን አለበት?

ጃንዋሪ 31

የፓንዱን መልህቅ ተውሼ ኮራል ድንጋይ ውስጥ ተሰክቶ ቀረብኝ። ለሁለተኛ ጊዜ። ስነግረው አልተቆጣም።

"ችግር የለም፣ ለጁላይ ተቀምጦልሃል" አለኝ። "አንተ ደግሞ ጀርባህን አዘጋጅ።"

ባለፈው ጁላይ፣ ማኩንዱቺ መንደር፣ ሰው በሙዝ ግንድ እየተማታ ቂሙን ለሚያወጣበት የዘመን መለወጫ በዓል ስንሄድ፣ የወረደብኝ ግንድ ትዝ አለኝ። "ይሄ ለመልህቄ! ይሄ ሠርጌ ላይ ዘግይተህ ለመጣኸው!" ሠርጉ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል! እኔም ዝም አላልኩም፣ መልሼ አወረድኩበት። ሲመሽ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈን ተመለስን። ዓመቱን እንዲህ ነው የምንዘጋው። በዚያ ቀን ያልወጣ ቂም የለም፣ ከወጣ በኋላም የሚያነሣው የለም።

ፌብሩዋሪ 2

ከፓንዱ ጀልባ ጎን ቆሜ ነበር። ለእንግዶቹ ሲናገር ሰማሁ። በየቀኑ ያው ንግግር ነው፤ እነሱ ግን በየቀኑ ይስቃሉ።

"ስሙኝ እንግዶቼ፣ አሁን ሰው ቤት ልትገቡ ነው። ሰው ቤት ደግሞ በመስኮት ዘሎ አይገባም። በመሰላሉ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። እጅ ደረት ላይ። ማሳደድ የለም፣ መንካት የለም። ደስ ካላቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ካላላቸው… እኔ ሚስቴን 'ነይ' ብዬ ማምጣት ያቃተኝ ሰውዬ ዶልፊን ላመጣላችሁ? ጀርባቸውን ከሰጡን ወደ ቤታችን። ልጅ የያዘች ካየን ጨርሶ አንወርድም።"

ሞተሩን ያጠፋው ከሩቅ ነው። ጠበቁ። መጡለት! አክስትም መጣች። የጀርባ ክንፏ ጫፉ የተቀደደው እናት ናት፤ ጅራቷን ውሃው ላይ እያጮኸች ሁሉን ስለምትቆጣ ፓንዱ በአክስቱ ነው የሰየማት። ዘንድሮ ወልዳለች። ልጇ ከማኅፀን ይዞት የወጣው ሽንሽን ገና ከቆዳው ላይ አልጠፋም። እሷን ሲያይ እንግዶቹን አላወረደም። ከላይ ሆነው አዩ፣ በቃ። እነሱም "ፓንዱ! ፓንዱ!"

ሌላው የጀልባ መሪ ምቻ ደግሞ በዚያ በኩል ሞተሩን እያስጮኸ የዶልፊኖቹን መንገድ ቆርጦ "ዝለሉ! ዝለሉ!" ይላል። ሰዎቹ እንደ ድንጋይ ይወድቃሉ። ዶልፊኖቹ ጠፉ።

እኔ መሃል ላይ ነኝ። ፓንዱ ሲያየኝ ሞተር አጠፋለሁ። ሳያየኝስ? ደብተር ነው፣ ምን አስዋሸኝ… ሳያየኝ እንደ ምቻ ነኝ።

ፌብሩዋሪ 4

ዶልፊን የለም። ትናንትም።

ፌብሩዋሪ 5

የለም። አባት፣ እናትና አንዲት ልጅ ይዤ ወጥቼ ነበር። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፀጉሯ ገና እያቆጠቆጠ ነው። በሕመም ረግፎ እንደሆነ እናቷ ነገረችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ውሃውን ስታይ ዋለች። አባትየው ግን ስንመለስ "የሌላኛው ሰውዬ እንግዶች ባለፈው አይተዋል። ፓንዱ የሚሉት…" አለ።

"ነገ አሳያታለሁ" አልኩት።

ለምን አልኩ? በየትኛው አፌ? ነገ ማታ አገራቸው ይሄዳሉ።

ፌብሩዋሪ 6

አደረግሁት።

ልጻፈው። የፓንዱ አባት በሕይወት ሳለ እኔና ፓንዱን አንድ ቀን በታንኳ ወሰደን። ከድንጋያማው ጫፍ ወዲያ፣ ኮራሉ እንደ አጥር የከለለው፣ ታቹ ነጭ አሸዋ የሆነ ጥግ አለ። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ዶልፊኖቹ እዚያ ይተኛሉ። እየተኙም ይዋኛሉ፣ ተጠጋግተው፣ ቀስ ብለው፣ ልጆቹን መሃል አድርገው። በእሱ ዘመን ሰው ለሻርክ ማጥመጃ የዶልፊን ሥጋ ይፈልግ ነበርና፣ እሱም እዚያ ገብቶ በተኙበት በጦር ይወጋቸው እንደነበር ነገረን። ስንቱን እንደወጋ አልነገረንም። ብቻ አለቀሰ። "ቦታውን የማሳያችሁ እንድትጠብቁት ነው። ሞተር እዚህ አይገባም" አለ። እጃችንን ውሃው ውስጥ አስገብቶ አስማለን። አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሞተር ገባሁ።

መግቢያው ላይ አጠፋሁት፣ እውነቴን ነው። ልጅቷን በመሰላሉ አወረድኳት፣ እጅ ደረት ላይ አልኳት፣ ፓንዱ የሚለውን ሁሉ አልኩ። ምን ዋጋ አለው? ሰው መኝታ ቤት ገብቶ ቀስ ብሎ መራመድ… አክስት ልጇን ይዛ በልጅቷ ሥር አለፈች። በክንድ ርቀት። ልጅቷ አልተከተለቻትም፣ ዝም ብላ ተንሳፈፈች። ስትወጣ የዋና መነጽሯ ውስጥ እንባ ሞልቷል። አባትየው እጄን ጨብጦ "ማካሜ!" አለኝ። በስሜ።

በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዛሬው ያለ ዋና አላየሁም። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ፌብሩዋሪ 7

ምቻ ጠዋት ዳርቻው ላይ ለሁሉም እያወራ ነበር። "ትናንት ከሩቅ አንድ ሰማያዊ ጀልባ ከጫፉ ወዲያ ስትገባ አየሁ። ተከተልኳት፣ ስደርስ ወጥታለች። ግን ቦታው! ሃያ ዶልፊን! ያ ፓንዱ ለራሱ ደብቆ…"

እዚህ ሰማያዊ ጀልባ ሁለት ነው። የፓንዱና የእኔ። ከአንድ ጣሳ ቀለም ተካፍለን በአንድ ቀን ነው የቀባናቸው። የእኔ ፀሐይ በልቷት ነጣ ብላለች፤ ከቅርብ የሚያውቃት ሰው ሰማያዊ አይላትም።

ሁሉም በፓንዱ ላይ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ፌብሩዋሪ 11

ጥጉ ውስጥ ዘጠኝ ጀልባ። "ዝለሉ! ዝለሉ!"

ማታ ፓንዱ ቤቴ መጣ። ሚስቴ ሪዚኪ ሩዝ አቀረበች፣ አልነካም።

"ማን አሳያቸው ማካሜ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው። እኔ አይደለሁም። አንተ አይደለህም። እንግዲህ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። "ነገ መግቢያው ላይ ጀልባዬን አጋድሜ እቆማለሁ። ትመጣለህ?"

"ሞተሬ አሞታል" አልኩት።

አላመመውም። ከሄደ በኋላ ሪዚኪ ሞተርህ ምን ሆነ አለችኝ። እሱ ያልነካውን ሩዝ በላሁ።

ፌብሩዋሪ 12

ልጁን ሞተር መታው። የአክስትን ልጅ። የማን ጀልባ እንደሆነ አይታወቅም። ስምንት ነበሩ፣ ፓንዱ እየጮኸ መሃላቸው ገብቶ ሊያወጣቸው ሲሞክር ነው። እንግዶች በስልክ ቀርጸውታል። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ቀይ ውሃ፣ ሰማያዊ ጀልባ፣ የሚጮኽ ፓንዱ።

እኔ ቤት ነበርኩ።

ፌብሩዋሪ 14

አክስት የሞተውን ልጇን በአፍንጫዋ ወደ ላይ እየገፋች ነው። እንዲተነፍስ። ይሰምጣል፣ ታነሣዋለች። ይሰምጣል፣ ታነሣዋለች። ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዶልፊን አንድ ብዬ ልጻፍ ወይስ ሁለት?

ፌብሩዋሪ 16

የጀልባ መሪዎቹ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቪዲዮው ከተማ ደርሶ ሊቀመንበሩ ተደውሎለታል፣ ስለዚህ አንድ ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት። ቦታውን ያሳየው ማነው? ምቻ ስለ ሰማያዊ ጀልባው ተናገረ። አንድ ሽማግሌ "ድሮስ ሰው የማያውቀው ቦታ የነበረው የፓንዱ አባት አይደል?" አለ። ፓንዱ ተነሥቶ "ልከላከላቸው ነው የገባሁት" ሲል ሰዉ አጉረመረመ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ወንድሙ ነህ። ከእሱ ሌላ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አለ?"

ፓንዱ አየኝ። እንድመሰክርለት ነው ያየኝ። ደስ ብሎት ነበር፣ ማካሜ ይናገራል ብሎ።

"አላውቅም" አልኩ።

አንድ ዓመት ባሕር ላይ እንዳይወጣ ተፈረደ። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "አይዞህ፣ 'እኔም አውቀዋለሁ' ብትል አንተንም ይቀጡህ ነበር፣ መሃል አስገቡህ" አለኝ። እኔን አጽናናኝ!

ፌብሩዋሪ 17

ለምን አልተናገርኩም? እፍረት ነው? ለጀልባዬ ሰግቼ ነው? ዛሬ የፓንዱ እንግዶች ወደ እኔ መጡ። አሥራ አራት ሰው። ደስ አለኝ። ለቅጽበት ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

ማርች 20

ዒድ። ፓንዱ ነጭ ልብሱን ለብሶ ማልዶ መጣ፣ "ሳላውቅ ያስቀየምኩህ ካለ ይቅር በለኝ" አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ምኑን ነው ይቅር ያልኩት? ምኑን?

ኤፕሪል 26

ዝናብ። ጀልባዎች ታስረዋል። የፓንዱ ጀልባ ዳርቻው ላይ በጎኗ ተጋድማለች፣ ዶሮ እንቁላል ጥላባታለች።

ሜይ 13

ባሕሩ ሲሸሽ ፓንዱ ከሴቶቹ ጋር ኦክቶፐስ ፍለጋ ይወርዳል። ሴቶቹ አይለቁትም። "ፓንዱ፣ ቀሚስ እናውስህ?" ይሉታል። እሱም "ያንቺ አይበቃኝም፣ ወገብሽ ቀጭን ነው" ይላል። ይስቃሉ። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው። ቀረብ ሲሉት ግን እጁ በኮራል ተቆራርጧል።

ዓሣ ወሰድኩለት። "ያላንተ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለኝ። ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ጁን 8

ለእንግዶቼ የፓንዱን ንግግር እኔ እናገራለሁ፣ ቃል በቃል። የሚስቱን ቀልድ ሳይቀር። ሞተር ከሩቅ አጠፋለሁ፣ ማንም ባያየኝም። ዶልፊኖቹ አይመጡም። አክስት ጀልባ ስታይ ትጠልቃለች። እንግዶቹ ግን "ጥሩ መሪ ነህ" ይሉኛል።

ጁላይ 2

ሪዚኪ ጠየቀችኝ። "ሞተርህ ያን ቀን አላመመም ነበር አይደል?"

ነገርኳት። ሁሉንም። አልጮኸችም። ሩዝ መልቀሟን ቀጠለች።

"ለእኔ ምን ይሠራልኛል?" አለች። "ለእሱ ንገረው።"

ዘመን መለወጫው ሲደርስ እነግረዋለሁ። ያን ቀን ሁሉ ነገር ይወጣል፣ ሁሉ ነገር ያበቃል። ይምታኝ። በደንብ አድርጎ ይምታኝ። መሽቶ አብረን እንመለሳለን።

ጁላይ 23

ማኩንዱቺ። አሮጌው ዓመት አብሯት እንዲነድ የምትሠራው የሣር ጎጆ ከመቃጠሏ በፊት ሰዉ ሁሉ ሜዳው ላይ ነበር። ሴቶቹ ዙሪያውን እየዞሩ በዘፈን ይሳደባሉ፣ ወንዱ በሙዝ ግንድ ይደባደባል፣ የሙዙ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ፓንዱ እንደ በፊቱ ፈልጎ አገኘኝ። ጀርባዬን አዞርኩለት።

"ይሄ ለመልህቄ!" አለ። ለስላሳ ነበር፣ ትቢያ እንደሚያራግፍ። "ይሄም ለዚያው መልህቄ! በቃ፣ ዘንድሮ ሌላ የለህም። ዘንድሮ አንተ ባትኖር ኖሮ…"

"ሌላ አለ።"

"ምን?"

"ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ።"

አልሰማኝም። ጩኸት ነበር። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጠጋ አለ፣ እየሳቀ። ደገምኩለት። ሰማያዊ ጀልባዋ የእኔ ናት አልኩት። ኮሚቴው ፊትም እያወቅሁ ነው አልኩት።

ሳቁ ወዲያው አልጠፋም። ፊቱ ላይ ቆየ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ነገር ይመስል። ግንዱ እጁ ላይ ተነሥቶ ነበር። ጎንበስ አልኩለት።

"ምታኝ ፓንዱ። ምታኝና ይውጣልህ።"

ጠበቅሁ። "ይሄ አጥብታ ላሳደገችህ እናቴ፣ ይሄ ለአባቴ መሐላ፣ ይሄ ለዚያች እንስሳ ልጅ" ብሎ እስኪመታኝ። ምንም አልወረደብኝም። ቀና ስል ግንዱን መሬት ላይ እያስቀመጠው ነበር። አልወረወረውም፣ አስቀመጠው።

"ይሄ በሙዝ ግንድ የሚወጣ አይደለም" አለ።

በሚደባደበው ሰው መሃል ሄደ። አንዱ በስሕተት ጀርባው ላይ አሳረፈበት። አልዞረም።

ብቻዬን ተመለስኩ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር።

ጁላይ 24

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። "አሁን? ነገሩ ከቀዘቀዘ አምስት ወሩ እኮ ነው። ምን አስነሣህ?" አለኝ። ሁሉም ባሉበት ልናገር አልኩ። ዳርቻው ላይ ሰበሰቧቸው፣ ተናገርኩ። ምቻ "ለካ የእሱም ሰማያዊ ናት!" አለ። ሌሎቹ ወደየጀልባቸው ዞሩ። ከእነሱም ስምንቱ ያን ቀን ጥጉ ውስጥ ነበሩ።

ፓንዱ ተፈቀደለት። የእኔ ጀልባ ዓመት ሙሉ ትታሰራለች።

ከዚያ ወደ እማ ታቱ። ሰምታለች። ካሳቫ በኮኮናት ሠርታ ነበር፣ ሰሃን ሞልታ ሰጠችኝ። "ብላ" አለች። ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። በላሁ። ለምንድን ነው ማንም የማይቆጣኝ?

ኦገስት 6

ፓንዱ ኮሚቴውን አሳመነ። ጥጉ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፣ በመቅዘፊያ ታንኳ አንድ ሰው መግቢያው ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት እንዲጠብቅ። ሥራውን የሚፈልግ ጠፋ። ፀሐይ ነው፣ ብቻ መቀመጥ ነው። እጄን አነሣሁ። ፓንዱ ወረቀቱ ላይ ስሜን ሲጽፍ ቀና አላለም።

ኦገስት 27

ዶልፊን አሥራ ሰባት። ተኝተዋል። ነፋሱ ጨምሯል፣ ጥጉ ግን ጸጥ ያለ ነው። አክስትም መሃላቸው አለች። ለብቻዋ ናት፣ ጎኗ ባዶ ነው። ወደ ታንኳዬ አቅጣጫ መጣች፣ መቅዘፊያውን አንሥቼ እንደ በድን ቆየሁ። ደርሳ ዞረች፣ በሩቁ በኩል አለፈች። ልክ ናት።

አራት ሰዓት ላይ የፓንዱ ጀልባ መጣች። አዲስ ሰማያዊ ቀብቷታል፣ በዚህኛው ጣሳ ቀለም አልተጠራሁም። ከሩቅ ሞተሩን አጠፋ። ውሃ ላይ ድምፅ ይሄዳል፣ ሁሉንም ሰማሁ።

"እዚያ ታንኳ ላይ ያለው ሰው ይታያችኋል? ከእሱ ወዲያ አንሄድም። ተኝተዋል። ሲነቁ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ።"

አንዷ እንግዳ "ማነው ሰውየው?" ብላ ጠየቀች።

መቅዘፊያውን አነሣ። ለሁሉ ቀልድ ያለው ፓንዱ በዚህ አልቀለደም።

"ጠባቂ ነው" አለ።

ሞተሩን ሳያስነሣ፣ በመቅዘፊያ ዞሮ ሄደ። እነሱን እንዳይቀሰቅስ ነው። እኔን አላየኝም።

ቤት ስመለስ ሪዚኪ ጓሮ ካለው ሙዝ አንዱን ግንድ ለፍየሎቹ ልትቆርጥ ቢላ ይዛ ቆማለች። በበሩ በኩል ያለውን፣ ወፍራሙን። ይሄን ተዪው አልኳት።

"ምን ልታደርገው?"

"ለጁላይ ነው።"

አየችኝ። ሌላኛውን ቆረጠች። እኔ ተቀምጬ በዙሪያው ያለውን አረም ነቀልኩ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ አጠጣሁት። አሥራ አንድ ወር አለው። እንደዚህ ከያዝኩት ይወፍራል፣ ለጠንካራ እጅ የሚሆን ይሆናል። ምናልባት የዛሬ ዓመት ይመታኛል።